በኮድ የሰራችሁት ፒዲኤፍ አልከፈት ሲል

ፒዲኤፍ የሚሰራው የፒኤችፒ ኮዳችሁ ስህተት ሳያሳይ ጨርሷል፣ ፋይሉም ወርዷል፤ ስትከፍቱት ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሁለት ቀን ሙሉ ላይብረሪ (ፒዲኤፉን የሚሰራውን ዝግጁ ኮድ) ስቀያይር ከረምኩ። ላይብረሪው ምንም አላጠፋም ነበር።

መጠኑን እዩ። ዜሮ ባይት ከሆነ ኮዱ ድምፁን አጥፍቶ መሃል ላይ ሳይቆም አይቀርም፣ ወደ ሰርቨሩ ሎግ (ስህተቶች ወደሚመዘገቡበት ፋይል) ሂዱ።

መጠን ካለው በኖትፓድ ወይም በሌላ የጽሑፍ ኤዲተር ክፈቱት። መሃሉ ዝብርቅርቅ ነው፣ ተዉት። እናንተን የሚመለከታችሁ ጫፍና ጫፉ ነው። ጤነኛ ፋይል በፐርሰንት ምልክት ይጀምርና ፒዲኤፍ ብሎ እንደ 1.4 ወይም 1.7 ያለ ቁጥር ያስከትላል (%PDF-1.4)፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት ፐርሰንትና ኢኦኤፍ (%%EOF) አለ። መጨረሻው ከጎደለ ፋይሉ መንገድ ላይ ተቆርጧል። ሄደሩ (ከፋይሉ ቀድሞ ለብራውዘር የሚላከው መረጃ) ላይ የጻፋችሁት ርዝመት በባይት መቆጠሩን አረጋግጡ፣ በፊደል ብዛት ከሆነ ሊያንስ ይችላል።

ዋናው ጣጣ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ፒዲኤፍ እያንዳንዱ ክፍሉ ከፋይሉ መነሻ ስንት ባይት ርቆ እንደሚገኝ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ አለው። ስለዚህ ከላይ አንዲት ባዶ መስመር ወይም የፒኤችፒ ማስጠንቀቂያ ከገባች ቁጥሩ ሁሉ ይዛነፋል። አንዳንዱ ማንበቢያ ራሱ አስተካክሎ ይከፍተዋል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ «እኔ ጋ ይሰራል» የሚባለው ክርክርም ከዚህ ይመጣል። እኔን ያስለቀሰችኝ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ከፒኤችፒ መዝጊያ ምልክት በኋላ የቀረች ባዶ መስመር ናት። ከዚያ ወዲህ መዝጊያውን ጭራሽ አልጽፍም። ኮዳችሁን ያለ ቦም ሴቭ አድርጉ (ቦም ኤዲተሩ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚያስገባቸው የማይታዩ 3 ባይቶች ናቸው)፣ የስህተት መልእክቶችም ስክሪን ላይ ሳይሆን ሎግ ላይ ይውጡ። ከመላካችሁ በፊት የአውትፑት በፈሩን (ገና ያልተላከ ውጤት የሚጠራቀምበትን) ማጽዳትም ይሰራል፣ ግን ለእኔ ቆሻሻን ምንጣፍ ስር እንደመጥረግ ነው። ከላካችሁ በኋላ ስክሪፕቱን እዚያው አቁሙት፣ አለበለዚያ የገጹ ኤችቲኤምኤል ከኋላ ይለጠፍበታል።

ኤዲተሩ ውስጥ የምታዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ ኤችቲኤምኤል ከሆነማ ያወረዳችሁት የስህተት ወይም የሎግኢን ገጽ ነው።

አሁንም ካልተገኘ ፋይሉን መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡና ሳይነካካ በኤስኤፍቲፒ (ፋይል ከሰርቨር በቀጥታ ማውረጃ) አውርዳችሁ ክፈቱት። ካልተከፈተ ችግሩ የፒዲኤፉ አሰራር ላይ ነው። ከተከፈተ አላላኩ ላይ ነው፤ በብራውዘር ከወረደው ጋር መጠናቸውን አስተያዩ። የኢንተርኔት ፒዲኤፍ መጠገኛ ውስጥ ግን አትክተቱት፣ አንዷን ፋይል ቢያድንላችሁ ቀጣዩዋ እንደዚያው ተበላሽታ ትወጣለች፣ የደንበኛችሁም መረጃ ለማታውቁት ሰው ተሰጠ ማለት ነው።