የወረዳ ድሮፕዳውን በጃቫ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ስህተቶች

ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቁጭ ብላችሁ በስፕሪንግ (የጃቫ ፍሬምወርክ ነው) የነጋዴ ምዝገባ ፎርም እየሠራችሁ ነው እንበል። የወረዳ ድሮፕዳውን፣ ማለትም ሲነካ ተዘርግቶ የሚመረጥበት ዝርዝር፣ አለው፤ ተሁለደሬ፣ አምባሰል፣ ኩታበር፣ ወረባቦ። ሰውየው አምባሰልን መርጦ "መዝግብ" ሲል ገጹ በኤረር ይሞላል። አብሽሩ፣ የታወቀ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ብሮውዘሩ የወረዳውን ኦብጀክት ይልካል ብሎ ማሰብ ነው። አይልክም። የሚልከው የአማራጩን ቫልዩ ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ጽሑፍ፤ ለምሳሌ "3"። የነጋዴው ክላስ ደግሞ የሚጠብቀው ሙሉ ወረዳ ነው። መቀየሪያ ካላገኘ ስፕሪንግ "ታይፕ ሚስማች" (የዳታው ዓይነት አልገጠመም) ይላችኋል። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ተቀብሎ ወረዳውን ከዳታቤዝ የሚያመጣ ኮንቨርተር ጻፉ። ስፕሪንግ ቡትን ከስፕሪንግ ዳታ ጋር የምትጠቀሙና ለወረዳ ሪፖዚተሪ (ዳታውን ከዳታቤዝ የሚያመጣው ክፍል) ያላችሁ ከሆነ ግን ይሄንን ራሱ ይሠራላችኋል፣ በከንቱ አትድከሙ።

ኮንቨርተር መጻፍ የሰለቸው ሰው አቋራጭ ይፈልግና ፊልዱን በቀጥታ ከወረዳው መለያ ቁጥር ጋር ያስረዋል። አዲስ ምዝገባ ላይ ችግሩ አይታይም። ጉዱ የሚመጣው ነባሩን ነጋዴ ከዳታቤዝ አውጥታችሁ ወረዳውን ከተሁለደሬ ወደ ኩታበር ስትቀይሩ ነው፤ ምክንያቱም ስፕሪንግ ነጋዴውን ወደ ሌላ ወረዳ አያዛውርም፣ እዚያው ያለውን የተሁለደሬን ኦብጀክት ይዞ መለያ ቁጥሩን ይለውጠዋል፣ ኦብጀክትን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሃይበርኔትም የኢንቲቲ (ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጥ ኦብጀክት) መለያ ተቀየረብኝ ብሎ ይጮሃል። መጮሁ ደግሞ ደግ ነው፤ ዝም ቢል ዳታው ይበላሽ ነበር። እኔ ብሆን ፎርሙ ላይ የወረዳውን ቁጥር በሎንግ ብቻ የሚይዝ የተለየ ክላስ አደርግና ወረዳውን ሰርቪሱ ውስጥ ፈልጌ አስገባለሁ። ሁለት መስመር ቢጨምር ነው።

ስልክ ቁጥር ሳይሞላ ቀርቶ ፎርሙ ሲመለስ ድሮፕዳውኑ ባዶ ይሆናል? ዝርዝሩን ሞዴል (ዳታ ወደ ገጹ የሚወስደው) ውስጥ የከተታችሁት ገጹን በሚከፍተው ሜተድ ብቻ ስለሆነ ነው። ሞዴል አትሪቢዩት የሚል አኖቴሽን ያለው የጋራ ሜተድ ውስጥ አድርጉት፣ ገጹን ለሚከፍተውም ፎርሙን ለሚቀበለውም ሜተድ ይደርሳል።

ጄኤስኤፍ (ሌላ የጃቫ ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ ያላችሁ ደግሞ ትክክለኛውን መርጣችሁ "ቫልዩ ኢዝ ኖት ቫሊድ" ከተባላችሁ የወረዳ ክላሱን እዩት። ጄኤስኤፍ የመጣውን ምርጫ ከዝርዝሩ ጋር በኢኩዋልስ ያመሳክራል፤ ኢኩዋልስና ሃሽኮድ ካልጻፋችሁ ሁለት አምባሰሎች አንድ አይሆኑለትም። እሱ ካለ ዝርዝሩ ፎርሙ ሲላክ መኖሩን አረጋግጡ።

"ወረዳ ይምረጡ" የሚለው ባዶ አማራጭ ካለ ቁጥሩን በኢንት አትያዙ፤ ባዶው ነል (ምንም እሴት የሌለው) ይሆናል፣ ኢንት ደግሞ ነል አይቀበልም። ፎርሙ ላይ የዞን ድሮፕዳውን ካለና ዞኑ እንዳይቀየር ብላችሁ ዲሴብልድ ካደረጋችሁትም ብሮውዘሩ ጭራሽ አይልከውም። በሂድን ኢንፑት መላክ ይቻላል፣ ግን ተጠቃሚው ሊነካካው ስለሚችል ዞኑን ከሰርቨሩ ላይ አንብቡት።