ትኬት ላይ ካለው ሰዓት ትክክለኛውን የበረራ ጊዜ ማውጣት

ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው ስለሆነ እንዲሁ ብትቀንሱት ያሳስታል። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ቀይሩ። ለምሳሌ አዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ ዋሽንግተን በማግስቱ 07:30 የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ይመስላል። የ8 ሰዓቱን ልዩነት (ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 7 ነው) ስትጨምሩበት 17 ይሆናል። ስትመለሱ ልዩነቱን ቀንሱ።

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓት በሚበርረው 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ብታካፍሉት 13 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ትርፉ በአብዛኛው ለነዳጅ የሚታረፍበት ነው፦ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሙሉ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ፦ «ማክሰኞ 00:30» ማለት እኛ የሰኞ ሌሊት 6:30 የምንለው ነው። ሰኞ ማታ ቦሌ ተገኙ።