ለሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት የታዳጊዎች ክፍል ገንዘብ ለማሰባሰብ

የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ወንበር የሚያገኘው በጠዋት የደረሰ ብቻ ነው። ሁሉም የራሱን ደብተር ዘርግቶ ያጠናል፤ ጮክ ብሎ መተንፈስ እንኳ ያሳቅቃል። የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኛዋ ጋር የሂሳብ ጥያቄ ልትሠራ ብትገባ ገና አፏን ሳትከፍት "ዝም በሉ!" ትባላለች። የሕፃናት ጥግ ካለም ወንበሩ ለእሷ አይሆንም፣ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ያነሳዋል። ወጥታ ወዴት ትሄዳለች? ወንዶቹማ ጆተኒ አለላቸው፣ ፕሌይስቴሽን ቤት አለላቸው፣ ከዚያም ቀስ እያሉ ቤቲንግ ቤት።

ታዳጊዎች እያወሩ የሚያጠኑበት፣ ቼዝ የሚጫወቱበት፣ ሁለት ኮምፒውተር ያለበት አንድ ክፍል ለማዘጋጀት ሕንፃ መገንባት አያስፈልግም። ገንዘቡም ሰፈር ውስጥ ይገኛል። የሚከብደው ሰዉ አምኖ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም ደብዳቤ ይዞ በር ያንኳኳ፣ ብር ሰብስቦ የጠፋ ሰው አይተናል። ስለዚህ ከምትሠሩት ሥራ ግማሹ መዋጮ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚያልቅ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ክፍሉን ያዙ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተሰባበረ ወንበርና አሮጌ ኮምፒውተር የተከመረበት ስቶር አለ። ኃላፊውን አነጋግሩና ስቶሩ እንዲለቀቅላችሁ ጠይቁ። ልብ በሉ፣ የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ አይጣልም፤ የማስወገድ ሥርዓት አለው፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ደብዳቤ ይመላለሳል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እናንተ ብር ሰብስባችሁ ስቶሩ ሳይለቀቅ ከቀረ ሐሜቱን አትችሉትም። በቃል "እሺ፣ ችግር የለም" ቢሏችሁም በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ሳትይዙ ወደ ሕዝብ አትውጡ። ደብዳቤው ውስጥ ክፍሉ ለታዳጊዎች ብቻ እንደሚውልና የመክፈቻ ሰዓቱ ይጻፍ። አለበለዚያ ኃላፊው ሲቀየር ክፍሉ የስብሰባ አዳራሽ ሆኖ ያርፈዋል።

ከዚያ ኮሚቴ። አምስት ሰው ይበቃል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይኑርበት፣ በሰፈሩ የሚከበር መምህር ይኑርበት፣ በገንዘብ የማይታማ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የእድር ሰው ይኑርበት፣ ሁለት ታዳጊዎችም ይግቡ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ታዳጊዎቹ ለፎቶ አይደለም የሚገቡት። ዕቃ ስትመርጡ ትልልቆቹ "መዝገበ ቃላት ይገዛ" ሲሉ እነሱ "ሶኬት ይጨመር" ይላሉ፣ የሚያዋጣውም የእነሱ ነው። ልጃገረዶቹን ለብቻ ጠይቋቸው፤ መብራትና ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ከመጻሕፍት ቀድሞ ሲጠራ ትሰማላችሁ።

ብሩ የሚገባበትን ነገር በጣም ተጠንቀቁ። የግል ስልክ ቁጥር ላይ በቴሌብር "ላኩልን" ብሎ መለጠፍ ሥራውን ገና ሳይጀምር ይገድለዋል፣ ባለ ስልኩ መልአክ ቢሆንም። ኮሚቴው የተቋቋመበትን ቃለ ጉባኤና የቤተ መጻሕፍቱን የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ባንክ ሂዱ፣ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ለመክፈት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ፈራሚዎቹ የፋይዳ መታወቂያቸውን ይያዙ። የሒሳቡ ስም ክፍሉን የሚገልጽ ይሁን፤ ላኪው ሲያስገባ የሰው ስም ሳይሆን የቤተ መጻሕፍቱን ስም ይይ። ሥራው ከአንድ ክፍል አልፎ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል ከሆነ ግን በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ይሻላል። ለአንድ ክፍል ግን እዚያ ድረስ መድከም አይመስለኝም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ስር መሥራት ይቀላል።

አሁን ዋጋ። "ለትውልድ ግንባታ ድጋፍ ያድርጉ" የሚል ባነር ማንንም አያንቀሳቅስም። ሰው ኪሱን የሚነካው ነገሩ ሲታየው ነው። ፈርኒቸር ቤትና ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ፦ የብረት መደርደሪያ፣ ክብ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ ሥራ። ፕሮፎርማው የሚጸናበት ቀን አጭር ስለሆነና ዋጋ ስለማይቆም ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሩበት። ከዚያ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ አውጡና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፉት፣ ቴሌግራም ላይም ልቀቁት። ወንበር ይህን ያህል፣ መደርደሪያ ይህን ያህል። አንድ ሰው "አንድ ወንበር የኔ" ሲል ወዲያው ከጎኑ ይጻፍ። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ካለ "አንድ የሰፈራችን ሰው" በሉት። ዝርዝሩ እየሞላ ሲሄድ ሰዎች ይፎካከራሉ፣ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መለመን የምትጀምሩት ከእድር ነው። ሀብታም ፍለጋ አትሩጡ። እድር ስብሰባ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ገንዘብ መያዝ ያውቃል፤ አባላቱም የልጆቹ ወላጆች ናቸው። ዳኛውን ቀድማችሁ ቤቱ ሄዳችሁ አናግሩ፣ በስብሰባው ቀን የአሥር ደቂቃ ሰዓት ለምኑ፣ ንግግሩን ታዳጊዋ ታድርገው። 300 አባል ያለው እድር በነፍስ ወከፍ 50 ብር ቢወስን 15,000 ብር ነው። ብሩ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን ከዚያ በኋላ ነጋዴው ጋ ስትሄዱ "እድሩ ገብቶበታል" ማለት ትችላላችሁ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ደብዳቤ ትበልጣለች።

ነጋዴን ከብር ይልቅ ዕቃና ሙያ ጠይቁ። ቀለም ቤቱ ቀለም፣ ኤሌክትሪሻኑ የአንድ ቅዳሜ ጉልበት፣ ሆቴሉ ለዝግጅቱ አዳራሽ። ቤቲንግ ቤትና ቢራ አከፋፋይ "ስፖንሰር እንሁን" ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ልጆቹን ከምን ልናርቃቸው ነበር?

ዝግጅት ካማራችሁ በትንሽ ወጪ የሚሆነውን ምረጡ። ያገቡና ያላገቡ የእግር ኳስ ግጥሚያ ሰፈሩን ሙሉ ያወጣል፣ ዳር ላይ ቡናና ቆሎ ይሸጣል፣ ወጪው ኳስና ፊሽካ ነው። የጾም ወቅት ከሆነ የሚሸጠው ምግብ የጾም ይሁን፣ ይህን የሚረሱ አሉ። በተረፈ ያገለገሉ መጻሕፍት ሽያጭ ጥሩ ነው። ቲሸርት ግን እኔ አልመክርም፤ ሕትመቱ ትርፉን ይበላዋል፣ ሳይሸጥ የቀረው ደግሞ የኮሚቴው ፒጃማ ይሆናል። ቶምቦላ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ አይቻልም፣ ስለዚህ "ትንሽ ዕጣ ናት" ብላችሁ አትጀምሩት። ጊዜውንም አስቡበት፦ መስከረም ላይ ወላጅ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቶ ባዶ ነው፣ ከፋሲካ ማግስትም እንዲሁ። ደመወዝ የወጣበት ሳምንት መጨረሻ ይሻላል።

ውጭ ያሉትን አትርሱ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነው ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈተው። የሰፈራችሁ ልጆችም ዋሽንግተንም ዱባይም አሉ፤ በድሮ ትምህርት ቤታቸው ባች የቴሌግራም ቡድን ፈልጓቸው። ጎፈንድሚን (በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበትን ድረ ገጽ) ማሰብ ካለባችሁ ከኢትዮጵያ ሆናችሁ መክፈት አትችሉም፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ሰው በራሱ ስም ከፍቶ ብሩን በባንክ መላክ አለበት። ስለዚህ ሁሉም የሚያምነው ሰው ይሁን፣ ተሰብስቦ የተላከው ልክም በር ላይ ይለጠፍ። "መጽሐፍ በኮንቴይነር እንላክ" ለሚሉት ደግሞ ዝርዝር ላኩላቸው። ታዳጊ የማይከፍተው ያረጀ ኢንሳይክሎፒዲያ ለማስመጣት የሚወጣው ብር እዚሁ ብዙ የአማርኛ ልቦለድ ይገዛል።

ዕቃው ሲገዛ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ያዙ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲገባ በሞዴል 19 (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲቀበል በሚሰጠው ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ፣ ቅጂውን ኮሚቴው ያስቀር። ያን ጊዜ ወንበሩ ተነስቶ ቢሮ ቢገባ የምትጠይቁበት ወረቀት አላችሁ። በየወሩ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ አውጡ፤ ምንም ባይገባም "በዚህ ወር ምንም አልገባም" ብላችሁ ለጥፉ።

ብር ከተረፈ ተጨማሪ ወንበር አትግዙበት። ኢንተርኔቱን በየወሩ ማን ይከፍላል? የተቃጠለ አምፖል ማን ይቀይራል? የተረፈውን እዚያው ሒሳብ ውስጥ ለዚህ አስቀምጡት፤ እድሩንም በዓመት አንዴ እንዲያዋጣ አሁኑኑ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ፣ በቃለ ጉባኤ አስወስኑት።