ያገለገለ ሳይክል ገዝታችሁ በደስታ እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ምን ማድረግ ይሻላል

ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል እናንተ ደሞ አልጋ ላይ ትገላበጣላችሁ፣ ጠዋት የት እንደምትሄዱበት፣ ምን አይነት መብራት እንደምትገዙለት፣ ቀለሙን ትቀይሩት ይሆን ወይስ እንዳለ ይሁን እያላችሁ። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ሰውነት ሲጨነቅ ብቻ ሳይሆን ሲደሰትም አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ አእምሮ ቁጭ ብሎ ይነቃል፣ ስለዚህ ዓይንን ጨፍኖ "አሁን መተኛት አለብኝ" እያሉ ራስን ማስጨነቅ ጭራሽ ያባብሰዋል። እኔ የምመክረው ደስታውን አትታገሉት፣ ትንሽ ስራ ስጡት።

20 ደቂቃ ያህል ተጋድማችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ (ሰዓት እያያችሁ ግን አትቁጠሩ፣ በግምት ይበቃል)። ስልክ አታንሱ፣ በተለይ የሳይክል ቪዲዮ ከከፈታችሁ አለቀ፣ ሊነጋ ነው። ደብዘዝ ያለ መብራት አብሩ፣ ወረቀትና እስኪብርቶ ያዙና ወደ ሳይክሉ ሂዱ።

አንድ ህግ ብቻ አለ፣ በሌሊት ምንም ነገር አይፈታም። ማየትና መዳሰስ ብቻ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብሎን ሲፈታ ጥርሱን ይበላዋል፣ ለምሳሌ የግራው ፔዳል ከለመድነው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፣ ይሄን በድካም ረስቶ በጉልበት ያጠበቀ ሰው ጠዋት ሳይክል ሳይሆን ጣጣ ነው የሚጠብቀው።

የፊቱን ጎማ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ አይነት ከሆነ ጎማውን ሳይሆን በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መሃል ያለችውን ክፍተት ተመልከቱ። ክፍተቷ እኩል ሆና ከቀጠለች ቸርኬው ደህና ነው፣ እየጠበበችና እየሰፋች ከሄደች ተጣሟል ወይም የላላ ሽቦ አለ ማለት ነው፣ ጻፉት። የኋላውንም እንደዛው። ከዛ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት፣ በሌላኛው እጃችሁ መሪው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያዙ፣ እዛ ጋ ቋ ቋ የሚል ነገር ከተሰማችሁ ላልቷል፣ እሱንም ጻፉ። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት፣ መንቀሳቀስ የለበትም።

ጎማው ላይ ጎን ጎኑን በጣት ዳስሱ፣ የተሰነጣጠቀ ከሆነ አርጅቷል። የሚፈልገው የንፋስ መጠንም እዛው ጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል፣ እሱን ወረቀቱ ላይ አስፍሩት፣ መንፋቱ ለጠዋት ይቆይ።

ፍሬሙን ግን ቸኩላችሁ አትለፉት፣ ያገለገለ ሳይክል ላይ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከመሪው ስር የታችኛው ቱቦ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ባለሙያ ሳያየው እንዳትነዱት፣ ምንም ያህል ቢያምራችሁ። ሳይክሉን ገልበጥ አድርጋችሁ ደሞ ከፔዳሎቹ መሃል ስር ተመልከቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሳይክሉ መለያ ቁጥር እዛ ተመትቶ ይገኛል፣ ቢሰረቅ የእናንተ መሆኑን የምታሳዩበት ስለሆነ መዝግቡት።

ካቴናውን ማስመሪያ ካላችሁ ለኩት። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 24 ፒን ወደፊት ስትቆጥሩ አዲስ ከሆነ 30.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 30.8 ከተጠጋ አልቋል፣ እንዲሁ ከተነዳ የሚዞርባቸውን ጥርሶችም ይዞ ነው የሚጨርሳቸው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያለውን ጠዋት በምትሰሩት ቅደም ተከተል አስተካክሉት። ከመተኛት በፊት ነገ የሚሰራውን መዘርዘር ቶሎ እንቅልፍ ለመያዝ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል፣ ነገሩም ግልጽ ነው፣ ከተጻፈ በኋላ እንዳልረሳው ብሎ በጭንቅላት መያዝ አያስፈልግም። መብራት አጥፉና ተመለሱ፣ ስትተነፍሱ ወደ ውጪ የምታስወጡትን አርዝሙት። ቡና ከሰዓት በኋላ ከጠጣችሁ ግን ትንሽ ታገሱ፣ ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቢራ ልጠጣና ልተኛ የሚለውን ተዉት፣ ቶሎ ያስተኛና ሌሊት ላይ ይቀሰቅሳል።

እንቅልፍ ጭራሽ ባይመጣም ዝም ብሎ ጋደም ማለት ያሳርፋል፣ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። ጠዋት ግን ቅልጥፍናችሁ እንደቀነሰ አስቡ፣ የማታውቁት ሳይክል ላይ ደሞ ናችሁ። ፍሬን የሚመለከት ችግር ጽፋችሁ ከነበረ እሱ ሳይስተካከል አትውጡ። ሳትወጡበት እየገፋችሁ ሁለቱንም ፍሬን ለየብቻ ሞክሩ። የመቀመጫውን ከፍታ ደግሞ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ በማድረግ ለኩ፣ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው፣ የመቀመጫውን ዘንግ ግን ላዩ ላይ ካለው ገደብ መስመር በላይ አታውጡት። ከዛ መኪና የሌለበት ሜዳ ላይ አጠር ያለ ዙር ንዱ፣ ዋና መንገድ እንቅልፍ ለጠገባችሁበት ቀን ይቆይ። ስትመለሱ የመሪውን፣ የመቀመጫውንና የጎማዎቹን ማሰሪያ እንደገና ዳስሱ፣ ገና የተጠበቀ ነገር ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሊላላ ይችላል።