ጎረቤታችሁ ለምን ፓርቲ እንደቀየረ ለማወቅ «መቼ» ብላችሁ ጠይቁ

የምኖረው ጀርመን፣ ሩር የሚባለው የድሮ የከሰል ማዕድን አካባቢ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። መድኃኒት አቀብላለሁ፣ ገላ አጥባለሁ፣ እግራቸው ለሚያብጥባቸው ደግሞ ያን አጥብቆ የሚይዘውን ካልሲ አለብሳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 የፌዴራል ምርጫ ነበር። የዕረፍት ቀኔን ሰጥቼ ምርጫ አስፈጻሚ ሆንኩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያው ተዘጋ፣ ኮሮጆው ተከፈተ። ወረቀቱን በየፓርቲው ስንከምር ስደተኛን የሚቃወመው «አማራጭ ለጀርመን» የሚባለው፣ እዚህ በአጭሩ አኤፍዴ የሚሉት ፓርቲ ክምር እያደገ ሄደ። በክፍሉ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ወረቀት አጥፈው ኮሮጆው ውስጥ የከተቱት እጆች ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች እጆች ናቸው። ያን ማሰብ ከበደኝ።

በማግስቱ የአገሬ ልጆች ስልኬን አላስቀምጥ አሉኝ። «ጠልተውን ነው ማለት ነው?» ነው የሁሉም ጥያቄ። እኔም ራሴን የጠየቅኩት እሱኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ መልሱን በምን በምን መንገድ እንደምፈልግ ላካፍላችሁ። የምትኖሩት ሌላ አገር ቢሆንም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥሩ ጀምሩ፤ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ግን አትሩጡ። ጀርመን ውስጥ መራጭ ሁለት ድምፅ አለው። የፓርቲን ድርሻ የሚወስነው ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ድምፅ አኤፍዴ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። በ2021 ያገኘው 10.3 ነበር። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቆሞ «እጥፍ ሆነ!» ይላል። ከጎኑ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ፦ ስንት ሰው ወጥቶ መረጠ? በ2021 76 በመቶ ገደማ፣ በ2025 82.5 በመቶ። ቤቱ ተቀምጦ የነበረ ብዙ ሕዝብ ወጥቷል ማለት ነው። የድምፅ ፍልሰትን የሚያጠኑት ተቋማት እንዳሰሉትም፣ አኤፍዴ አዲስ ድምፅ ከሁሉ በላይ ያገኘው ባለፈው ምርጫ ድምፅ ካልሰጡ ሰዎች ነው።

እኔን ዓይኔን የገለጠልኝ ይህ ነው። ሰው ከድሮ ፓርቲው ተነስቶ በአንድ ቀን አዲሱ ዘንድ አይገባም። መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ ለዓመታት የትም ሳይገባ ይቀመጣል። በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። እኛ የምናየው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሰፈራችሁን ውጤት ፈልጉ። የየከተማው የምርጫ ቢሮ የየጣቢያውን ውጤት በድረ ገጹ ያወጣል። ሰፈሩን ከሌላ ሰፈር ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ከራሱ ጋር፣ ከ2017 እና ከ2021 ጋር አስተያዩት። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ በፖስታ የተላከው ድምፅ ለብቻው ነው የሚቆጠረው። የአኤፍዴ መራጮች ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ራሳቸው ጣቢያ ሄደው መምረጥ ይወዳሉ። ስለዚህ የጣቢያው ቁጥር ብቻውን ከእውነቱ በላይ ያስፈራል። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ይህን አላወቅኩም ነበር፤ እንቅልፍ ያጣሁት በከፊል በዚህ ነው።

ካርታውንም እዩት። አኤፍዴ በምሥራቅ ባለው ክልል በቱሪንገን 38.6 በመቶ አገኘ። እኛ ባለንበት በኖርድራይን ቬስትፋለን 16.8 ነው። የውጭ ሰው የሚበዛው ግን እኛ ጋ ነው፣ በብዙ። ስለዚህ «ስደተኛ ስለበዛባቸው ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያስኬድም። በምሥራቁ ከ1990ው የምሥራቅና የምዕራብ ጀርመን ውህደት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ተሸጡ፣ ተዘጉ። ወጣቶቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ወደ ምዕራብ ሄዱ። የቀረው ሰው ያረጀው ጎረቤቱ ሲጎድል እያየ ነው።

እኛ አካባቢ ደግሞ ጌልዘንኪርሸንን ተመልከቱ። ለአሥርት ዓመታት ሶሻል ዴሞክራቶች የሚባለው የድሮ የሠራተኛ ፓርቲ ምሽግ የነበረች የማዕድንና የብረት ከተማ ናት። ዛሬ በሥራ አጥነት ከአገሪቱ ከተሞች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ናት። በ2025 በሁለተኛው ድምፅ አኤፍዴ እዚያ አንደኛ ወጣ፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹን በጥቂቱ በልጦ። ይህ የአንድ ዓመት ጉዳይ አይደለም። በ2017ም እዚያው ከተማ 17 በመቶ ገደማ አግኝቶ ነበር። ምልክቱ ቀድሞ ነበር፣ ያየው ጥቂት ነው።

የፓርቲውን ዕድሜም ከአገሪቱ ታሪክ ጋር አያይዙት። በ2013 ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ መካከል የኢኮኖሚ ፕሮፌሰሮች ነበሩ፣ ጉዳያቸውም ዩሮ ነበር። በዚያው ዓመት 4.7 በመቶ አግኝተው ፓርላማ ለመግባት የሚያስፈልገውን 5 በመቶ ለጥቂት ሳቱት። በ2015 ወደ 890,000 የሚጠጉ ጥገኝነት ጠያቂዎች ገቡ። ከመሥራቾቹ ዋናው ፕሮፌሰር በዚያው ዓመት ከመሪነት ወረዱ፣ ፓርቲው ፊቱን ወደ ስደተኛ አዞረ። በ2017 12.6 በመቶ ይዞ ፓርላማ ገባ።

ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ከገዙባቸው 16 ዓመታት ውስጥ 12ቱን ሁለቱ ነባር ፓርቲዎች፣ የእሳቸው ክርስቲያን ዴሞክራቶችና ሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ በአንድ መንግሥት አብረው ነው የገዙት። በ2025ም ተመልሰው አንድ ላይ ሆኑ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ መንግሥትን መቅጣት የፈለገ መራጭ ወዴት ይሂድ? ፖፑሊስት ፓርቲ «እነሱ ሁሉም አንድ ናቸው፣ የናንተ እኔ ብቻ ነኝ» ሲል ለብዙ ጆሮ የሚጥመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ዋናው መንገድ መጠየቅ ነው፣ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ይወስነዋል። «ለምን መረጥክ?» ካላችሁት ሰው ጠበቃ ይሆናል። ሲከራከር የቴሌቪዥን ቃላት ይደረድርላችኋል፣ የራሱን ሕይወት አትሰሙም። «የድሮውን መቼ ተውከው?» በሉት። «መቼ» የተባለ ሰው ታሪክ ይነግራችኋል።

የምንከባከባቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸውንም ከተማቸውንም አልጽፍም። ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፣ የቆፋሪ ልጅ ናቸው። ሥራ ላይ ሆኜ ፖለቲካ አላነሳም፤ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ተንበርክኬ ካልሲያቸውን እየሳብኩ ነው። «የመረጥኩትን ብትሰሚ አትመጪም» አሉኝ። ገባኝ። ቀና ሳልል «የድሮውን መቼ ተዉት?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ስለ መዋጮ ሰብሳቢው ነገሩኝ። በየወሩ የሚመጣ የፓርቲያቸው ሰው ነበር። መዋጮውን ተቀብሎ ደብተራቸው ላይ ቴምብር ይለጥፋል፣ ቡና ይጠጣል፣ መንገዱ ላይ የተሰበረውን መብራት ይመዘግባል። መብራቱ ይሠራ ነበር አሉኝ። ሰውየው ሞተ፣ የተካው የለም። መዋጮው በባንክ ሆነ። «ደብዳቤ ብቻ መምጣት ሲጀምር ተውኩት» አሉ። ከዚያ ሁለት ምርጫ ቤታቸው ተቀመጡ። በ2018 ቦትሮፕ ውስጥ የመጨረሻው ጉድጓድ ሲዘጋ በቴሌቪዥን እያዩ አለቀሱ። በኋላ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ቪዲዮ ያሳያቸው ጀመር። ከዓመታት በኋላ ስለሳቸው የሚያወራ ሰው ያዩት እዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይወጣም። እጅ ሥራ ይዞ፣ ዓይን ሌላ ቦታ እያየ ነው የሚወጣው። አትክልት ቦታ ላይ፣ መኪና ስትጠግኑ፣ ቡና ሲፈላ ሞክሩት። ሦስተኛ ሰው ካለ ተዉት፣ ሰው በምስክር ፊት ግትር ይሆናል።

ስትሰሙ ሦስት ነገር ለዩ፦ ቅሬታው፣ ጥፋተኛ የተባለው፣ መድኃኒቱ። እኚህ አባት ሐኪም ለማግኘት ወራት ይጠብቃሉ። ቅሬታቸው እውነት ነው፣ ቀጠሮውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ልክ ነዎት» አልኩ፣ ሙሉ ልቤን ሰጥቼ። ጥፋተኛው ስደተኛ ነው ሲሉ ግን አልተስማማሁም። እዚህ አካባቢ ያሉትን ነርሶችና ሐኪሞች አብረን በስም ቆጠርን። ግማሾቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። መድኃኒቱ ላይ ስንደርስ ፓርቲው በጃንዋሪ 2025 ሪዛ በምትባል ከተማ ባደረገው ጉባኤ «ሬሚግራሲዮን» የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባቱን ነገርኳቸው። ወደ መጡበት መመለስ ማለት ነው። «አንቺን አይደለም እኮ» አሉኝ። ይህን ቃል ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ፣ ተዘጋጁበት። እኔ «ዜጋ ነኝ፣ እሺ» አልኩ። «የወንድሜ ልጅ ግን ፈቃዱን በየጊዜው የሚያሳድስ ነው። ትናንት የእርስዎን ፍሪጅ ሦስተኛ ፎቅ የተሸከመው እሱ ነው።» አልመለሱልኝም።

አንድ ስህተት ደግሞ አትሥሩ። ሁሉንም በድህነትና በሐዘን አታስረዱት። በምርጫው ቀን በተደረገው ጥናት ከሠራተኞች 38 በመቶው አኤፍዴን መርጠዋል፣ እውነት ነው። ግን ቤት ያለው፣ ጡረታው የሞላ፣ ማንም ያልረሳው መራጭም አለ። እኛን አገሩ ውስጥ ስለማይፈልግ ብቻ የመረጠ አለ። እንዲህ ያለው ሰው የሚለውን እመኑት። ሰበብ አትፈልጉለት፣ ጊዜያችሁንም አታጥፉበት። ከ«መቼ» ጥያቄ በኋላ ምንም ታሪክ ካልመጣ፣ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ዜግነት የወሰዳችሁ ካላችሁ ለከተማችሁ የምርጫ ቢሮ ደውሉና አስፈጻሚ ልሁን በሉ። ከምርጫው ሁለት ሦስት ወር በፊት ይበቃል። ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ለቀኑ ትንሽ ገንዘብም አለው። ዜጋ ያልሆናችሁም ከ12 ሰዓት በኋላ ገብታችሁ ቆጠራውን ማየት ትችላላችሁ፣ ለማንም ክፍት ነው። ወረቀቱን በዓይን ማየት በስልክ ከሚመጣው ወሬ ይሻላል።

እኚያ አባት አሁንም የሚመርጡትን የቀየሩ አይመስለኝም፣ አልጠየቅኳቸውምም። ባለፈው ማክሰኞ ስሄድ ካልሲያቸውን ራሳቸው ከመሳቢያው አውጥተው ወንበሩ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። «ያ ልጅ ፈቃዱ ታደሰለት?» አሉኝ።