የቤተሰብ እረፍት ላይ አሻንጉሊት ይዞ መጓዝ፦ ከመምረጥ እስከ መመለስ

ለእረፍት ስትወጡ አንድ ትንሽ አሻንጉሊት የጉዞው አባል አድርጉት። በየደረሳችሁበት ፎቶ ይነሳል፣ ውሎው ይጻፍለታል፣ ማታ አልጋ ይነጠፍለታል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የጉዞ ጓደኛ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጠፈር ተጓዦችም ያደርጉታል። መንኮራኩራቸው ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ይይዛሉ፤ እሱ መንሳፈፍ ሲጀምር ክብደት አልባ ሆነው መጓዝ እንደጀመሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቦብ ቤንከንና ዳግ ኸርሊ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄዱ አብሯቸው የተጓዘው የሚያብረቀርቅ ዳይኖሰር ነበር። የመረጡት ልጆቻቸው ናቸው። እኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው እላለሁ፦ አሻንጉሊቱ የልጁ ይሁን። ወላጅ ለሚያምር ፎቶ ሲል ጨዋታውን ከወሰደው ልጁ በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

መጀመሪያ፦ ተጓዡን መምረጥ

ለጉዞ የሚመቹ ሁለት ሦስት አሻንጉሊቶችን ለዩና ምርጫውን ለልጁ ተዉለት።

የሚመች ማለት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ልጁ በአንድ እጁ የሚይዘው፣ መታጠብ የሚችል ነው። ቀለሙ ደመቅ ይበል። ነጭ አሻንጉሊት ሆቴል አልጋ ላይ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ ወደ ላውንድሪ ሊሄድ ይችላል። ረጅም ፀጉር ያለው አሸዋ ይሰበስባል። ድምፅ የሚያወጣውን ቤት ተዉት፤ አብረዋችሁ የሚጓዙ ሰዎች ያመሰግኗችኋል። ውስጡ የሚገቡት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ደግሞ ልጅ ከዋጣቸው በጣም አደገኛ ናቸው። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ የአሻንጉሊቱ ዓይን በቁልፍ ሳይሆን በክር የተሰፋ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ አቅፎት የሚተኛውን አሻንጉሊት ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሕፃን ከእናቱ ተለይቶ መኖርን የሚለማመድበት ድልድይ እንደሆነ አስረድቷል። እሱ ከጠፋ የጠፋው መጫወቻ ብቻ አይደለም። ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ለመኝታ ይውጣ፣ በቃ። አደባባይ የሚዞረው ሌላው ይሁን።

ቤት ያለው ሁሉ ካልተመቸ ስፉ። የኸርሊ ባለቤት ካረን ናይበርግ ራሷም የጠፈር ተጓዥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ጠፈር ጣቢያ ላይ ሆና ለልጇ ዳይኖሰር ሰፍታለች። ጨርቁን ያገኘችው ከሩሲያ የምግብ መያዣዎች ሽፋን ነው። የሞላችውም በአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ነው። እዚያ ከተቻለ ቤት ውስጥ አይከብድም።

ልጆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑስ? ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ከመያዝ አንዱን በተራ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። የቀኑ ባለተራ ይሸከመዋል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል። ተራው ግን ከመነሳታችሁ በፊት በወረቀት ይጻፍ። መንገድ ላይ የሚደረግ ድርድር በለቅሶ ያልቃል።

ከመነሳት በፊት የሚሠሩ ነገሮች

አሻንጉሊቱ ብቻውን መቀመጥ ካልቻለ ፎቶ ማንሳት ያስቸግራል። ከታች ስፌቱን ትንሽ ፍቱና የታጠቡ ጠጠሮች ወይም የብርጭቆ ዶቃዎች በትንሽ ከረጢት ቋጥራችሁ አስገቡ፤ ከዚያ አጥብቃችሁ መልሳችሁ ስፉት። ሩዝ ወይም ባቄላ አትጠቀሙ። ከረጠበ ይሻግታል፤ እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያሉ አገሮችም እህልና ዘር ሲገባ በጥብቅ ይፈትሻሉ።

ቀጥሎ መታወቂያ። የአሻንጉሊቱን ስም፣ የወላጅን ስልክ ከአገር ኮዱ ጋርና ኢሜይል ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ስፉበት። የልጁን ስምና የቤት አድራሻ አትጻፉ። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት፤ ከጠፋ የምታሳዩት እሱን ነው።

ስም ማውጣት የልጁ ሥራ ነው። ከስሙ ጋር አንድ የሚወደውና አንድ የሚፈራው ነገር ይሰጠው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ጉዞው ላይ ይታያል። አውሮፕላን የሚፈራ ልጅ "ፈርተሃል?" ሲባል "አልፈራሁም" ይላል። "እሱስ ፈርቶ ይሆን?" ብትሉት ግን ብዙ ያወራል። ሆዱን እንደሚያመው፣ ጨለማ እንደማይወድ፣ ቤቱ እንደናፈቀው ይነግራችኋል። ያኔ "አንተን ማለትህ ነው?" አትበሉት። ለአሻንጉሊቱ መልሱለት። "አውሮፕላኑ ሲነሳ ትንሽ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይረጋጋል፣ እጁን ያዝለት" በሉት። የአሻንጉሊቱን እጅ ሲይዝ እሱም ይረጋጋል።

መንገድ ላይ

በአውሮፕላን ከሆነ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። የሚጫነው ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ፍተሻ ላይ አሻንጉሊቱም በማሽኑ ውስጥ እንደሚያልፍ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ድንገት ከእጁ ሲወሰድ እንዳይደነግጥ። ሽጉጥ ወይም ጎራዴ የያዘ ከሆነ መሣሪያው ቤት ይቅር።

በመኪና ከሆነ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ለሾፌሩ እይታ ይከልላል፣ ግጭት ቢፈጠርም ተወርውሮ ሰው ይመታል። በመስኮት ማውጣትም አይፈቀድ።

ፎቶው

ካሜራውን ለልጁ ስጡት። ያዘነበለ ፎቶ ያነሳል፣ ጣቱ ይገባል። ይሁን።

ሁለት ነገር ብታሳዩት ይበቃል። አንደኛ፣ ጎንበስ ብሎ በአሻንጉሊቱ ዓይን ልክ ማንሳት። ከላይ ወደ ታች ሲነሳ የወደቀ ዕቃ ይመስላል፤ በዓይኑ ልክ ሲነሳ ግን ሕይወት ይዘራል። ሁለተኛ፣ አሻንጉሊቱን ለካሜራው አቅርቦ ሰዎቹን ማራቅ። ያኔ አሻንጉሊቱ ግዙፍ፣ አባት የጣት ቁመት ያክላል። ልጆች በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይስቃሉ።

ሐውልት ፊት ማቆም ቶሎ ይሰለቻል። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ሲሠራ አንሱት፦ ሜኑ ሲያነብ፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ሲደርቅ። በቀን ሁለት ሦስት ፎቶ በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ካነሳችሁ እረፍቱ ሥራ ይሆናል።

ቦታ ምረጡ። የገደል አፋፍ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የበረንዳ ጠርዝ ላይ አይቀመጥም፤ ሲወድቅ ልጁ ሊይዘው ይዘላልና። አራዊት አጠገብም አታስጠጉት። ሙዚየም ውስጥ ቅርሱ ላይ አይደገፍ። የእምነት ቦታ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መቃብርና የሐዘን መታሰቢያ ላይ አሻንጉሊቱ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ለልጁም ምክንያቱን ንገሩት። ድንበር፣ ወታደራዊ ቦታና የፍተሻ ጣቢያ ላይ ካሜራ አታውጡ።

ፎቶዎቹን ሶሻል ሚዲያ ላይ የምታወጡ ከሆነ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይሁን። ቤታችሁ ባዶ መሆኑን ለማታውቁት ሰው አታሳውቁ። የስልኩን ካሜራ ሎኬሽንም አጥፉ።

ማታ ማታ የውሎ ማስታወሻ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ልጅ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል። የቀኑ ቲኬት አብሮ ይለጠፍ። ለአያቶች ፖስታ ካርድ ላኩ፤ የሚፈርመው አሻንጉሊቱ ይሁን።

ከጠፋ

ከየትኛውም ቦታ ስትነሱ ስልክ፣ ፓስፖርት፣ ቁልፍ ብላችሁ ስትቆጥሩ እሱንም ጨምሩ። ቆጣሪው ልጁ ይሁን። ከጠፋም ቶሎ ደውሉ፤ ቀኑን፣ የክፍል ወይም የወንበር ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ፎቶውን ላኩ። ከተገኘና በፖስታ ከመጣ እሰየው፤ "እረፍቱን አራዝሞ ነው" ይባላል።

ካልተገኘ በድብቅ ተመሳሳዩን ገዝታችሁ አታምጡ። ልጆች ይለያሉ፤ ሲያውቁ ደግሞ የሚያዝኑት በእናንተ ነው። "ሌላ እገዛልሃለሁ" ለማለትም አትቸኩሉ። ያልቅስ፣ ስለ እሱ ያውራ።

ስትመለሱ

አሸዋውን አራግፉ፣ የሞላችሁትን ጠጠር አውጡ፣ የማጠቢያ ምልክቱን እዩ። ጨርቁ የሚችል ከሆነ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአቧራ ተባዮችን ይገድላል። የማይችል ከሆነ በለብ ያለ ውኃ በእጅ እጠቡት። ማሽን ውስጥ ስታስገቡት ትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት። ውስጡ ድረስ ሳይደርቅ አታስቀምጡት፣ ይሸታል።

ከዚያ ፎቶዎቹን አሳትማችሁ ከማስታወሻው ጋር አንድ ደብተር ላይ ለጥፉ። የሚመርጠው ልጁ ነው። የደበዘዘውን ከመረጠ የደበዘዘው ይግባ፣ ፊደሉንም አታርሙበት። ለሚቀጥለው ጉዞ ሌላ አሻንጉሊት እፈልጋለሁ ካለም ይቀየር።