የተሸሸገችው «የ»፦ በኢምፕሊሲት ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የ = ሸ² − 3 ሲባል «የ» ለብቻዋ ቆማለች፤ ዋጋዋን ለማወቅ «ሸ»ን መተካት ብቻ ነው። ሸ² + የ² = 25 ሲባል ግን ከ«ሸ» ጋር ተደባልቃ ተሸሽጋለች። ኢምፕሊሲት ፋንክሽን የምንለው ይህንን ነው። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ኤክስን «ሸ»፣ ዋይን «የ»፣ ዴሪቬቲቩን፣ ማለትም «ሸ» ስትለወጥ «የ» የምትለወጥበትን መጠን፣ የ′ እያልኩ እቀጥላለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ደብተር ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም።

ከሁሉ የሚበዛው የ′ን መርሳት ነው። የ«ሸ²» ዴሪቬቲቭ 2ሸ ስለሆነ፣ የለመደ እጅ «የ²» ላይም ሲደርስ 2የ ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ዴሪቬቲቩን የምንወስደው በ«ሸ» ነው፤ «የ» ደግሞ «ሸ» ስትለወጥ አብራ የምትለወጥ ፋንክሽን ናት። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ቼይን ሩል የሚለው የሰንሰለት ሕግ ይገባና ውጤቱ 2የ·የ′ ይሆናል። የሚገርመኝ፣ ያው ተማሪ (3ሸ + 1)² ቢሰጠው በ3 ማባዛቱን አይረሳም፤ በቅንፉ ውስጥ ያለውን ያየዋላ! እንግዲያው እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ «የ»ንም በቅንፍ አስገብታችሁ ጻፏት።

ሁለተኛው ስህተት በቀኝ በኩል ያለውን ቋሚ ቁጥር እንዳለ መተው ነው። የ25 ዴሪቬቲቭ 0 መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሐሳቡ ሁሉ በግራ በኩል ስለሚያልቅ ብቻ 2ሸ + 2የ·የ′ = 25 ብሎ ይቀጥላል። በነጥብ (3፣ 4) ላይ ሲተካው 6 + 8የ′ = 25፣ ማለትም የ′ = 19/8 ያገኛል። እዚህ ላይ እስክሪብቶ አስቀምጦ የሸ² + የ² = 25 ግራፍ የሆነውን ክብ መሳል ይጠቅማል። ነጥቡ በቀኝ በላይኛው ሩብ ነው፤ ክቡ በዚያ ቦታ ወደ ታች እየወረደ ነውና ስሎፑ፣ ማለትም የ′ የሚነግረን ዝንባሌ፣ አዎንታዊ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ ከመሃል ወደ ነጥቡ የሚሄደው ሬዲየስ ስሎፑ 4/3 ነው፤ ታንጀንቱ፣ ማለትም ክቡን በነጥቡ ላይ ታክኮ የሚያልፈው ቀጥታ መስመር፣ ከእርሱ ጋር 90 ዲግሪ ስለሚሠራ ስሎፑ −3/4 መሆን አለበት። ትክክለኛው ስሌት፣ የ′ = −ሸ/የ፣ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

ሁለቱ ፊደሎች ሲባዙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሸ² − ሸየ + የ² = 7 እንውሰድ። «ሸየ» ብዜት ስለሆነ ዴሪቬቲቩ የ + ሸ·የ′ ነው፤ የ′ ብቻ ብሎ የሚጽፍ አለ። ይህን ያመለጠ ደግሞ ከፊቱ ያለው የመቀነስ ምልክት ይጥለዋል። ምልክቱ ለሁለቱም ይደርሳል፦ 2ሸ − (የ + ሸ·የ′) + 2የ·የ′ = 0። ቅንፉን የዘለለ ተማሪ ሸ·የ′ን በመደመር ምልክት ጽፎ በ(3፣ 1) ላይ −1 ያገኛል። መልሱ 5 ነው።

የነጥቡን ቁጥሮች ዴሪቬቲቭ ከመውሰድ በፊት መተካትም አለ። 3 እና 4ን ቀድሞ የተካ ሰው 9 + 16 = 25 ይዞ ይቀራል፤ ዴሪቬቲቩ 0 = 0 ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ነጥቡ በእርግጥ በግራፉ ላይ መኖሩን አለማረጋገጥ ግን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ቀመሩ አያስጠነቅቅማ። በ(1፣ 1) ላይ −ሸ/የ ያለምንም ቅሬታ −1 ይሰጣል፤ ክቡ ግን በዚያ አያልፍም። ሸ² + የ² = −1 ቢባል እንኳ ያው −ሸ/የ ይወጣል፣ አንድም እውነተኛ ነጥብ ሳይኖር።

ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ሲጠየቅ በመልሱ ውስጥ የ′ን ሳይተኩ መተው የተለመደ ነው። በክባችን ላይ የ′ን በ−ሸ/የ ተክተን፣ ሸ² + የ² 25 መሆኑን ስናስታውስ፣ ሁሉም ተጣጥፎ −25/የ³ ይሆናል።

የመጨረሻው በታህቱ ላይ 0 ሲመጣ የሚታየው ግራ መጋባት ነው። በክቡ ላይ (5፣ 0) ሲተካ −5/0 ይሆናል፤ ታንጀንቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። 0/0 ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638፣ ካልኩለስን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ኒውተን ገና ሳይወለድ፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ሬኔ ዴካርት ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቅርጽ አቅርቦ ሌላውን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ዴ ፌርማን ታንጀንቱን ፈልግ ብሎ ተገዳድሮት ነበር፤ ፌርማም ሳይቸገር አገኘው። አንዱ መልኩ ሸ³ + የ³ = 6ሸየ ነው። የ′ = (2የ − ሸ²)/(የ² − 2ሸ) ይሆናል፤ በ(3፣ 3) ላይ −1 ነው። በ(0፣ 0) ላይ 0/0 ሲመጣ ብዙዎች 0 ብለው ያልፋሉ። ቅርጹን ብትስሉት በዚያ ነጥብ ራሱን ያቋርጣል፦ አንዱ ክንፍ አግድም ዘንጉን፣ ሌላው ቋሚ ዘንጉን ታክኮ ያልፋል። ቀመሩ መልስ ያልሰጠው ታንጀንቶቹ ሁለት ስለሆኑ ነው።